አእምሮው የታመመ ዘመድ ላለው ቤተሰብ፦ የእስራኤል ሕግ ምን ይሰጣል? እንዴትስ ይጠየቃል?

(በማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ሰላም ለሁላችሁም! እንደምን አመሻችሁ? የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከሥራ ቤት ሳትገቡ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ አላችሁ፤ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ኑ ቅረቡ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕግ ነው። ሕግ ሲባል ብዙ ሰው «ይሄ የጠበቃ ነገር ነው» ብሎ ጆሮውን ይደፍናል። እባካችሁ ዛሬ አትድፈኑ። አንድ ሰው አእምሮውን ሲታመም በዚህ አገር ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ሆስፒታሉም እንደ ልቡ ማድረግ አይችልም። እያንዳንዱ እርምጃ የሚፈርምበት ሰው አለው፣ ወረቀት አለው፣ የሚያበቃበት ሰዓት አለው። ማን እንደሚፈርም፣ ወረቀቱ የት እንዳለ፣ ሰዓቱ መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅ ቤተሰብ መብቱ በእጁ እያለ ያመልጠዋል። የምናገረው ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እዚሁ እስራኤል በምንጠቀምበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አራት ነገር አነሣለሁ። አስገድዶ ስለማስመርመርና ሆስፒታል ስለማስገባት፣ ሆስፒታል ውስጥ ስላለ መብት፣ ከሆስፒታል በኋላ ስላለው «ሳል ሺኩም»፣ ማለትም የማቋቋሚያ አገልግሎት፣ በመጨረሻም ስለ «አፖትሮፖስ»፣ ማለትም በፍርድ ቤት ስለሚሾም ሞግዚት። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። በ1955 የወጣ አሮጌ ሕግ ነበረ። እሱን የተካው የ1991ዱ የአእምሮ ሕሙማን ሕክምና ሕግ ነው። የሕጉ መሠረት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ያለ ፈቃዱ አይታከምም፣ ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል አይገባም። ከዚህ የሚወጣው ሕጉ ራሱ በዘረዘረው ምክንያት ብቻ ነው።

ታዲያ የወንጀል ጉዳይ ከሌለ አንድን ሰው አስገድዶ ወደ ምርመራ የሚልከው ማን ነው? ቤተሰብ ነው? አይደለም። ፖሊስ ነው? አይደለም። የኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ድርጅቱ፣ ሐኪም ነው? እሱም አይደለም። ሥልጣኑ ያለው «ፕሲኪያተር መሆዚ» የሚባለው የወረዳው የአእምሮ ሐኪም ነው። ቢሮው በጤና ሚኒስቴር ሥር ባለው የጤና ቢሮ፣ «ሊሽካት ሀብሪዑት»፣ ውስጥ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ፕሲኪያተር መሆዚ። የሚጻፈው ደብዳቤ ሁሉ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

እሱስ ትእዛዝ የሚሰጠው መቼ ነው? ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። አንደኛ፣ ሰውዬው በሕመሙ ምክንያት ነገርን የመመዘን ወይም እውነታውን የመረዳት ችሎታው ክፉኛ ተዛብቷል። ሁለተኛ፣ በዚሁ ምክንያት ራሱን ወይም ሌላውን ለአካላዊ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ በአእምሮ ሐኪም ለመመርመር እንቢ ብሏል። አደጋው አሁን የሚደርስ ከሆነ ትእዛዙ አስቸኳይ ይሆናል። ወዲያው የማይደርስ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ይህን መንገድ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ሰውዬው ራሱን መመገብና መንከባከብ ክፉኛ ቢያቅተው፣ ወይም አብረውት ያሉትን ኑሮ እስኪያናጋ ድረስ ለከባድ ሥቃይ ቢዳርጋቸው፣ ወይም ንብረት ክፉኛ ቢያወድም፣ አስቸኳይ ያልሆነ የምርመራ ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ «እስኪመታ ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ሳይበላ ሲሰነብት ዝም ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቤተሰቡ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ይሄድና «ልጄን በጣም አሞታል፣ እባካችሁ እርዱን» ይላል። የተነገረው እውነት ነው። ነገር ግን ፕሲኪያተሩ በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ የሰው ነጻነት ሊነካ አይችልም። እሱ የሚፈልገው ፍሬ ነገር ነው። ምን አደረገ? መቼ? ማን አየ? እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ከ12 ቀን ወዲህ ከዳቦና ከውኃ በቀር አልቀመሰም። ባለፈው ሰኞ ሌሊት የጋዙን ቱቦ ፈታ፤ እናቱ አይታ ዘጋችው። ጎረቤታችን በግድግዳው በኩል መርዝ ይልክብናል ይላል። መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ወር ሆነው። ማክሰኞ ዕለት ክሊኒክ ወስደነው ከበር ተመለሰ።» ይህ ደብዳቤ ሦስቱንም ነገር ይዟል። የመዛባቱ ምልክት አለ፣ አደጋው አለ፣ እንቢታው አለ።

በዚያ ላይ የሚከተሉትን ጨምሩ፦ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ የሚኖርበት አድራሻና ፎቅ፣ ከዚህ በፊት የተኛበት ሆስፒታል፣ ይወስደው የነበረ መድኃኒት ስምና መጠን፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖር አለመኖሩ፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ ሐኪሞቹ ሲመጡ በር የሚከፍትላቸው ሰው ስልክ። ዕብራይስጥ መጻፍ ካቃታችሁ የከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሠራተኛ ወይም የክሊኒኩ ሠራተኛ ትጽፍላችኋለች፤ ነገሩን ግን እናንተ በቀን በቀን አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ደብተር ግዙና ያያችሁትን በዚያው ምሽት ጻፉ። በአማርኛ ይሁን፣ ግድ የለም።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። አንዱ ማጋነን ነው፤ «ሊገድለን ነው» ተብሎ ተጽፎ ሐኪሙ ሲጠይቅ ምንም ካልተገኘ፣ የሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ አመኔታ ያጣል። ሁለተኛው በእኛ ዘንድ የሚበዛው ነው፦ መደበቅ። ነውር ነው ብለን፣ የእኅቱ ጋብቻ እንዳይበላሽ ብለን፣ ያየነውን ግማሹን እንውጠዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለም አባቶቻችን? ዛር ነው፣ ቡዳ ነው የምትሉም ካላችሁ፣ ሕጉ እምነታችሁን አይነካም፤ ጸሎት ይደረግለት። ነገር ግን ጸሎቱ ምርመራውን እንዳያዘገይብን።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ሰውዬው ይመረመራል። ምርመራው መግባት አለበት ካለ፣ ፕሲኪያተር መሆዚው የሆስፒታል ትእዛዝ ይጽፋል። እዚህ ላይ ሰዓቱን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ 7 ቀን ነው። ሆስፒታሉ በቂ ምክንያት ጽፎ ከጠየቀ ለተጨማሪ 7 ቀን ሊያራዝመው ይችላል። ከ14 ቀን በላይ ግን የፕሲኪያተሩ ሥልጣን አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚወስነው «ቫዓዳ ፕሲኪያትሪት» የተባለው የወረዳው ኮሚቴ ነው። ሦስት ሰዎች ይቀመጡበታል፤ ሰብሳቢው ሕግ ዐዋቂ ነው፣ ሁለቱ የአእምሮ ሐኪሞች ናቸው። ኮሚቴው እስከ 3 ወር፣ ከዚያም በየጊዜው እስከ 6 ወር ሊያራዝም ይችላል። እነዚህ ሁሉ ጣሪያዎች ናቸው። የተሻለው ሰው በአራተኛው ቀን ሊወጣ ይችላል፤ ሰባቱን ቀን የግድ መጨረስ የለበትም።

ትእዛዝ ለማግኘት ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ ነገር ሲሆን ሆስፒታሉ ራሱ ሰውዬውን እስከ 48 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። 48 ሰዓት ካለፈ ትእዛዝ ያስፈልጋል። በተጨማሪ፣ ሆስፒታል ሳይተኛ በክሊኒክ እንዲታከም የሚያዝ እስከ 6 ወር የሚቆይ ትእዛዝም አለ፤ ለአንዳንዱ ሰው ይህ ይበቃዋል፣ ጠይቁ።

በፈቃዱ ፈርሞ የገባ ሰውስ? እሱ ልውጣ ካለ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊለቀቅ ይገባል፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የግዳጅ ትእዛዝ ካልመጣ በቀር። ስለዚህ ሆስፒታል ስትደርሱ «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል የሚፈረመው ምን እንደሆነ በአማርኛ ይነገረው። በፈቃድ መግባት ይሻላል፤ ሰውዬው ክብሩ ይጠበቃል፣ ከሐኪሙም ጋር በሰላም ይጀምራል። ነገር ግን የፈረመውን ማወቅ አለበት።

ወዳጆቼ፣ ፖሊስን የነካነው በጥቂቱ ነው፤ ትንሽ ላቁም። በጃንዋሪ 2019 ከማኅበረሰባችን የሆነ፣ በአእምሮ ሕመም ይሠቃይ የነበረ የ24 ዓመት ወጣት ባት ያም ውስጥ በፖሊስ ጥይት ሞተ። በዚያው ወር መጨረሻ ሺዎች ቴል አቪቭ ላይ ለሰልፍ ወጡ። ሐዘኑ እስካሁን በብዙ ቤት ውስጥ አለ። ብዙ እናቶች ከዚያ በኋላ ስልኩን ለማንሣት ፈሩ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። መፍትሔው ግን አለመደወል አይደለም። ነገሩ ሳይብስ በፊት ደብዳቤውን መጻፍ ነው፤ ፖሊስ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ መደረግ የነበረበት ሳይደረግ ሲቀር ነው። የግድ መደወል ካለባችሁም ወደ አምቡላንስ፣ ማለትም ወደ 101፣ ደውሉ። ወደ ፖሊስ፣ ማለትም ወደ 100፣ ከደወላችሁ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» የሚል ይሁን። ስሙን ንገሩ፣ በእጁ ምንም የሌለ ከሆነ «መሣሪያ የለውም» በሉ፣ ካለም የት እንዳለ ንገሩ። ዕብራይስጥ የሚችል አንድ ሰው ከበሩ ውጪ ቆሞ ይቀበላቸው፣ መብራት ይብራ፣ ሕፃናት ይውጡ። የወጥ ቤቱን ቢላዋ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ከዕይታ አርቁት። በጭንቀት ውስጥ ያለ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ወደ 1201 መደወል ይችላል፤ የ«ኤራን» የስሜት የመጀመሪያ እርዳታ የስልክ መስመር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ምን መብት አለው? ሆስፒታል መግባት መብትን አያሳጣም። የራሱን ልብስ ይለብሳል፣ ጠያቂ ይቀበላል፣ ስልክ ይደውላል፣ ደብዳቤ ይልካል። ሐኪሙ ከነዚህ አንዱን ሊገድብ የሚችለው ለሕክምና ምክንያት ብቻ ነው፤ ከጠበቃው ጋር መገናኘቱ ግን ሊታገድ አይገባም። ማሰርና ብቻውን መዝጋት ደግሞ የሚፈቀደው ለሕክምናው ወይም አደጋን ለመከላከል በሚያስፈልግ መጠን ብቻ ሲሆን፣ በጽሑፍ ታዝዞ፣ ምክንያቱ በመዝገብ ሰፍሮ ነው። ለቅጣት ማሰር አይቻልም፤ ሠራተኛ ስላነሰ ማሰርም አይቻልም። ልጃችሁ «አሰሩኝ» ካለ የዎርዱን ኃላፊ «ማን አዘዘ? መቼ ተጀመረ? መቼ አበቃ?» ብላችሁ ጠይቁ። በትሕትና፣ ነገር ግን ሳታፍሩ።

ኮሚቴው ፊት ለሚቀርብ በሽተኛ ከ2004ቱ ማሻሻያ ወዲህ ጠበቃ አለው። ከፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍል፣ «ሲዩዋ ሚሽፓቲ»፣ የሚመጣ ነው፤ በነጻ። እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚያዝንበት ነገር አለና አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጠበቃው የልጃችሁ ጠበቃ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ልጃችሁ ልውጣ ካለ፣ ጠበቃው እንዲወጣ ይከራከራል። እናንተ ደግሞ «ገና አልተሻለውም፣ ትንሽ ይቆይ» ትሉ ይሆናል። ጠበቃው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሰውዬው ሊናገር በማይችልበት ሰዓት አንድ ሰው በእርሱ ፋንታ መናገር አለበት፤ ሕጉ ያንን ሰው ሰጠው። እናንተ የምታውቁትን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡ፣ በስብሰባውም እንድትሰሙ ጠይቁ። ለመውጣት ከተወሰነም «ወዴት ይወጣል? መድኃኒቱን ማን ይከታተላል? ቀጠሮው መቼ ነው?» የሚለውን ሳትጨርሱ ከሆስፒታሉ ደጅ አትውጡ። በኮሚቴው ውሳኔ ያልተስማማ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

በወንጀል ተከስሶ ለፍርድ መቅረብ ስላልቻለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የገባ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። የእሱን ጉዳይ ኮሚቴው ቢያንስ በየ6 ወሩ ሊያየው ይገባል። ስድስት ወር አልፎ ማንም ካልጠራችሁ ጠበቃውን አስታውሱ።

ምስጢር የሚባል ነገርም አለ። ልጃችሁ 18 ዓመት ከሞላው ሐኪሙ ያለ ፈቃዱ ምንም አይነግራችሁም። በዚህ አባቶች ይቆጣሉ፤ «እኔ አይደለሁ ያሳደግሁት?» ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ሐኪሙ መናገር አይፈቀድለትም እንጂ መስማት አልተከለከለም። ያያችሁትን ንገሩት፣ ወረቀቱን ስጡት። ልጃችሁ ደህና በሆነበት ቀን ደግሞ «ቪቱር ሶዲዩት» የሚባለውን የምስጢር ፈቃድ ወረቀት እንዲፈርም ተነጋገሩ። ሲታመም አይፈርምም፤ ሲሻለው ነው።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ፣ 15 ዓመት የሞላው ወጣት የራሱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ እንቢ ካለ ነገሩ ወደ ወጣቶች ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወላጅ ስለፈረመ ብቻ አያልቅም።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 7 የጤና ተቋማት በባህልና በቋንቋ ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ አባቱ የሚሰማውን ድምፅ ለሐኪም እንዲተረጉም አታድርጉ። ልጁም ይጎዳል፣ ምርመራውም ይበላሻል፤ ልጅ የአባቱን ክብር ለመጠበቅ ብሎ ከባዱን ቃል ያለሰልሰዋል።

ሦስተኛው፦ ከሆስፒታል በኋላ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በ2000 «የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች በማኅበረሰብ ውስጥ የማቋቋም ሕግ» ወጣ። ሰው ዕድሜውን በሆስፒታል ግቢ እንዳይጨርስ፣ በሰው መካከል እንዲኖር ነው ያሰበው። ከዚህ ሕግ የሚገኘው «ሳል ሺኩም» ይባላል። ገንዘብ አይደለም፤ አገልግሎት ነው። ምን ምን አለው? መኖሪያ አለው፦ ሌሊትና ቀን ሠራተኛ ካለበት ሆስቴል ጀምሮ፣ ሰው እየመጣ እስከሚያግዝበት የግል ቤት፣ «ዲዩር ሙጋን»፣ ድረስ። ሥራ አለው፦ ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ከተዘጋጀ የሥራ ቦታ፣ «መፍዓል ሙጋን»፣ ጀምሮ፣ ከአጋዥ ጋር ተራ መሥሪያ ቤት ውስጥ እስከ መቀጠር። የሚከታተለው አጋር፣ «ሆኔህ»፣ አለ። ያቋረጠውን ትምህርት ማጠናቀቅ አለ፣ የመዝናኛ ክበብ አለ፣ የጥርስ ሕክምና አለ፣ ለቤተሰብም ምክር አለ።

ማን ያገኛል? 18 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 40 በመቶ የአእምሮ ጉዳት እንዳለበት ቢቱዋህ ለኡሚ፣ የብሔራዊ መድን ተቋሙ፣ የወሰነለት ሰው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። የአካል ጉዳት ቀለብ፣ «ኪጽባት ነኹት»፣ ሌላ ነው፤ እሱ መሥራት አለመቻልንም ይመዝናል። 40 በመቶው ግን የሕክምና መቶኛ ነው። የሚሠራና ቀለብ የማይገባው ሰውም ለሳል ሺኩም ሲባል ብቻ መቶኛው እንዲወሰንለት መጠየቅ ይችላል። «ቀለብ ስለከለከሉኝ ሳል ሺኩም አይገባኝም» ብሎ የተቀመጠ ካለ ዛሬ ይንቃ!

አቀራረቡ ይህ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ የሕክምና ሪፖርት ይጽፋል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ወይም የሚያክመው ባለሙያ ስለ ኑሮው ሪፖርት ይጽፋል። የመቶኛው ማረጋገጫ ይያያዛል። ማመልከቻው ወደ ወረዳው የሳል ሺኩም ኮሚቴ ይላካል፤ ሰውዬው ይጠራል፤ ከፈለገ አብሮት ሰው ይገባል። የሚበላሸው የት ነው? ሪፖርቱ አሮጌ ሲሆን ይመለሳል። «እርዳታ ያስፈልገዋል» ብቻ ብሎ ሲያልቅ ኮሚቴው ምን እንደሚሰጠው አያውቅም። ደግሞም ልጁ ይገባና፣ ያፍርና፣ «ምንም አልፈልግም፣ ሁሉን እችላለሁ» ይላል፤ ሕጉ በፈቃድ ላይ የቆመ ስለሆነ ኮሚቴው አያስገድደውም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ከእሱ ጋር ተቀመጡ። ጠዋት መነሣት ያቅትሃል? ወረቀትና ሂሳብ ያስቸግርሃል? ምን ሥራ ትወዳለህ? የሚለውን እሱ ራሱ በአፉ እንዲናገር አለማምዱት። ከተከለከላችሁ ይግባኝ አለ፤ የእንቢታውን ወረቀት አትጣሉ።

ተራው ሕክምና ደግሞ፣ ክሊኒኩና መድኃኒቱ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በኩፓት ሆሊም ኃላፊነት ሥር ነው። ክላሊትም ሆነ ማካቢ፣ ሜውሄዴትም ሆነ ለኡሚት፣ የምትከፍሉበት ኩፓ ሊያስተናግዳችሁ ይገባል። ቀጠሮው ከራቀ የጽሑፍ ቅሬታ አስገቡ።

አራተኛው አጭር ነው፦ አፖትሮፖስ። ሕጉ የ1962 ነው፤ በ2016 በማሻሻያ ቁጥር 18 በብዙ ተለወጠ። ዱሮ ፍርድ ቤት አንድ ወረቀት ሰጥቶ የሰውን ሁሉ ነገር ለሌላ ሰው ያስረክብ ነበር። አሁን አፖትሮፖስ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የሚሾመውም በሚያስፈልገው ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለገንዘብ ብቻ፣ ወይም ለሕክምና ብቻ። ከእሱ በፊት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰውዬው ራሱ እየወሰነ የሚያግዘው የውሳኔ ደጋፊ መሾም ነው። ሌላው «ዪፑይ ኮዋህ ሚትማሼህ» ነው፤ ሰው በደህናው ጊዜ፣ በሙሉ አእምሮው፣ «ወደፊት ባልችል እገሌ ይወስንልኝ፣ እንዲህም ይደረግልኝ» ብሎ ለዚህ በሠለጠነ ጠበቃ ፊት የሚፈርመው ውክልና። ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው፣ ማን እንዲጠራለት እንደሚፈልግ ራሱ ይወስናል። ብድርና የስልክ ኩባንያ ውል እየፈረመ ላስቸገራችሁ ልጅም ቢሆን፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ እንጂ በአንድ ጊዜ አፖትሮፖስ ለማሾም ወደ ፍርድ ቤት አትሩጡ። አንዴ የተነጠቀን የመወሰን መብት ማስመለስ ረጅም ሥራ ነው።

እንግዲህ ጨረስኩ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቀን መመዝገቢያ ባዶ ገጽ በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ በግራ ቀኑ፣ በመካከል የታየው ነገር፣ በቀኝ ያየው ሰው ስም ይጻፍበታል። አንዳንድ ውሰዱ፤ ለጎረቤትም ውሰዱ። አሁን ጥያቄያችሁን እንስማ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበደው በወረቀት ይላክልኝ፤ ስም አይጻፍበት።